ብርቱካን ያለበት ጆግ

ጎንደር፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿን ጉንፋኑ ለቀቃት? የኮላ ድባ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እዚህ ፀሐዩ አናታችንን ቢጠብሰውም እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችንን ወገቧ እንደ ልማዱ ያማታል። አባባም ደህና ናቸው። ወንድማችን ክንዱ ቤቱ ገብቷል፤ ይህንስ ሰምተሻል። እኔም ደህና ነኝ ልበል፤ ደብዳቤ ላይ ሌላ ምን ይባላል።

ደብዳቤሽን አስናቀች ከኮላ ድባ ገበያ ስትመለስ አምጥታ ሰጠችኝ። ሆቴሉ ጓሮ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ሰላምታሽ ሁለት መስመር አይሞላም፤ ስድብሽ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻግሯል። የገዛ አባቴን በጾም ወይን አጠጥቼ፣ ቃላቸውን አስበልቼ፣ ለዚያ ሰውዬ ራሴን እንደ ዳርሁ ጽፈሽልኛል። ለደመወዝና ለወንበር ብዬ እንደሆነም ጨምረሻል። እታለም፣ ይህን ነገር ቦኖ ውሃ ላይ እንስራቸውን የደረደሩ ሴቶች ሲያወሩት ሰምቼ አልፌያለሁ፤ እኔን ሲያዩ ዝም ማለታቸውንም ለምጄዋለሁ። ካንቺ ሲመጣ ግን ደሜ ፈላ። አንቺ እኮ ያሳደግሽኝ ነሽ። ምነው፣ ከመፍረድሽ በፊት አንዲት መስመር ጽፈሽ ብትጠይቂኝ?

ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ላንቺ ብቻ ነው የምነግረው። ወረቀቱን የምታደርስልሽ አስናቀች ናት፣ በፖስታ አልላክሁትም። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ነገሩ የመጣው በመጠጥ ነውና በመጠጡ ልጀምር። ሆቴላችን ከተወረሰ ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ወይ የመንግሥት ሰው ነው፣ ወይ የመንግሥት ሰው የጋበዘው ነው። ባሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ስፕሪስ የሚሉትን የወይንና የአምቦ ውሃ ድብልቅ መሥራት ያስተማረኝ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው ባር ውስጥ ያረጀው አያ ወልደኢየሱስ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ነጩ ወይን ከማቀዝቀዣ ሳይወጣ ብዙ መቆየት አለበት። ብርጭቆው ውስጥ በረዶ ይገባል፤ ወይኑ እስከ ወገቡ ይቀዳል፤ ከዚያ ብርጭቆውን አጋድመሽ አምቦ ውሃውን በጎኑ ቀስ እያልሽ ታወርጅዋለሽ። ከላይ ከደፋሽው ጋዙ ሁሉ ይሸሻል። የብርቱካን ልጣጭ በጣትሽ ታጥፊና ዘይቱን ላዩ ላይ ትረጪበታለሽ። አይማሰልም። በዚህ ፀሐይ ሲጠጣ ጉሮሮ ያረጥባል፣ ራስ አይዝም፣ ሆድ ላይ አይከብድም። እኔ ይህን ሥራ እወደው ነበር እታለም። አንድ የደከመው ሰው ከመንገድ ገብቶ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ ፊቱ ሲፈታ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ያንን ደስታ ያበላሸው ውድነህ ነው። ጓድ ውድነህ። ውጭ አገር ለትምህርት ልከውት ተመልሶ የከተማችን የፖለቲካ ሰው ሆነ፤ ከዚያ የተማረው ነገር ቢኖር ይህን መጠጥ መጠጣት ነው መሰለኝ፤ እዚያ በበጋ ሕዝቡ ሁሉ የሚጠጣው ይህንኑ እንደሆነ ሳይነግረኝ የሄደበት ቀን የለም። ብርጭቆውን ሳቀርብለት ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጓል። እሷን ጣት እስከ አንጓዋ ብርጭቆው ውስጥ ይነክርና ያማስላል። ከዚያ ጣቱን ይመጠምጣል። ልጣጩን ያኝክና የታኘከውን የጠረጴዛ ልብሱ ጫፍ ላይ ይተፋዋል፤ የሲጋራ መተርኮሻው አጠገቡ እያለ። ሲጨርስ ምራቁ የነካውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አያስቀምጥም፤ እጄ ላይ ነው የሚሰጠኝ፣ ጣቶቼን ከብርጭቆው ጋር ጨምድዶ፣ "ድገሚኝ" እያለ። ማታ ቤት ስገባ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ በሎሚ አሽቼ፣ ደግሞ በሳሙና እታጠባለሁ። እናታችን ምን ነክቶሽ ነው ስትለኝ የሽንኩርት ሽታ ነው እላታለሁ።

ይኸው ሰውዬ አንድ ቀን ቢራ በሣጥን እንደሚያዝ ሰው፣ ሽማግሌ መላኩን ነገረኝ። ትወጅኛለሽ ወይ አላለኝም፤ ልኬያለሁ ነው ያለኝ። ክንዱን በኅዳር ወረቀት በትኗል ብለው ከወሰዱት ወዲህ እናታችን በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ስትቆም ውድነህ ያይ ነበር። የክንዱ ጉዳይ በማን እጅ እንዳለ እኛም እናውቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጡ። ሽማግሌ "እሺ" እስኪባል ቆሞ እንደሚለምን፣ የቤቱን መጠጥም እንደማይቀምስ ታውቂያለሽ። አባባ ሁለቱንም ጊዜ በቆሙበት ሸኟቸው። በኋላ በማርያም ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የዚያን ሰው መጠጥ በጉሮሮዬ ያሳለፍሁ ዕለት፣ ሐብተ ማርያም ልጁን ሰጠ በሉ" ብለው ማሉ። ነገሩ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። እኔ እንዴት እንደኮራሁ ልነግርሽ አልችልም። ክንዱ ታስሮ፣ እናታችን እያለቀሰች፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በሚሄድበት ጊዜ አባቴ ስለ እኔ ብለው ቀና አሉ። የውድነህን ጣት ስጠየፍ ያን ቃላቸውን አስብና እረጋጋ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ውድነህ ብልሃት አመጣ። ሽማግሌ በሰው ደጅ ቆሞ የሚጉላላበት ልማድ የፊውዳል ነውና ይቅር፣ ሆቴል ተገናኝተን በሥልጣኔ እንነጋገር አለ። አባባን በቀበሌ በኩል አስጠራቸው፤ ቀበሌ ሲጠራ ደግሞ አይቀርም። ቀኑን ደብረ ዘይት አደረገው፣ በሁዳዴ እኩሌታ! ለጋብቻ በጾም ሽማግሌ የሚቀመጥበት አገር የት አለ?

በዚያው ዕለት ጠዋት እኔ ብርጭቆ ስወለውል መጥቶ ባሩ ላይ በክርኑ ተደገፈ። ለአባቴ ስፕሪስ እንድሠራላቸው፣ ወይኑን ቀነስ፣ አምቦውን በዛ እንዳደርግ፣ አምቦ ብቻ ነው ብዬ እንዳቀርብ አዘዘኝ። በማኅበር ላይ የማሉትን ሰምቷል። ከጠጡ በኋላ ቃላቸው ራሱ ይይዛቸዋል አለና ሳቀ። ሲስቅ በጥርሱ መሐል የትናንቱ ሥጋ ነበር። ወደ ጓሮ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ክንዱ በእጁ ስላለ አልሠራም ልለው አልቻልሁም። ተመልሼ "እሺ ጓድ" አልሁት።

እሺ ብዬ ግን ሁለት ጆግ ሠራሁ። በአንዱ ለሌሎቹ ወይንና አምቦ አድርጌ ብርቱካን ጨመርሁበት። በሌላው ለአባባ አምቦ ውሃ ብቻ ቀድቼ ሎሚ ቆራርጬ ጣልሁበት። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ውድነህ ያታለለ ይመስለዋል፣ አባባ ውሃቸውን ጠጥተው ቃላቸውን ይዘው ይሄዳሉ አልሁ። እንዲህ ያለ ብልሃት በማግኘቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ደረሱ። ከንፈራቸው ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ምን ነበረ መሰለሽ? ጥብስ። በደብረ ዘይት! ውድነህ ሆን ብሎ ነው ያዘዘው፣ ማን እንደሚበላና ማን እንደማይበላ ለማየት። ከሽማግሌዎቹ መካከል አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የአባባ የገዛ ማኅበርተኛ፣ መጀመሪያ አማተበ፣ ከዚያ ጎረሰ። አማትቦ ጎረሰ! የጥብሱ ስብ በጢሙ ወርዶ አንገቱ ላይ ካለው ማዕተብ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ አጥንቱን እየጋጠ ስለ ሴቶች እኩልነት ይናገራል። እኔ ዳር ቆሜ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ጆጎቹን ሳመጣ እንደ ደንቡ ከሁለቱም መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ በፊታቸው ቀመስሁ። የሎሚውን አባባ ፊት፣ የብርቱካኑን መሐል ላይ አስቀመጥሁ። ጎንበስ ብዬ የጋቢያቸውን ጫፍ የማስተካክል መስዬ፣ የሎሚው አምቦ ብቻ መሆኑን፣ ብርቱካን ያለበት ወይን መሆኑን፣ እንዳይነኩት በጆሯቸው ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሸጋ፣ ልጄ" አሉኝ።

ባልነግራቸውስ ይስቱት ነበር? አባባ ዲያቆን ሳሉ በቤተ ልሔም ዘቢብ ሲጨምቁ ያደጉ ሰው ናቸው። የወይን ሽታ ከደጅ ሆነው ይለያሉ። አንቺ ልጅ ሳለሽ የደበቅሽውን ጠጅ በትንፋሽሽ ብቻ ያወቁብሽን ረሳሽው?

ወሬው ቀጠለ። ውድነህ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ አምባ ጊዮርጊስ መንገድ አወራ። ከዚያ እንደ ዋዛ ስለ ክንዱ አነሣ። የክንዱ ጉዳይ እንደሚታይ፣ የባዕድ ልጅና የዘመድ ልጅ ጉዳይ ግን በአንድ ዓይን እንደማይታይ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከእስረኞቹ የተወሰኑት ወደ ሌላ ቦታ እንደሚሄዱ ተናገረ። ወደ ሌላ ቦታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ ሕፃንም ያውቀዋል። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ እንኳ ማኘኩን አቆመ።

አባባ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው የሎሚውን ጆግ አለፈው። መሐል ላይ ያለውን፣ ብርቱካን ያለበትን፣ አንሥተው በገዛ እጃቸው ቀዱ። በሕይወታቸው ለራሳቸው ቀድተው የማያውቁ ሰው! ተሳስተው እንዳይሆን ልጮህ ነበር፤ ግን አፍንጫቸው ሲከፈት፣ ዓይናቸው ሲጨፈን አየሁ። ሽታው ደርሷቸዋል። ጠጡት። እስከ በረዶው ድረስ ጨልጠው ጠጡት።

ውድነህ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ወይን ነው እኮ የጠጡት፣ ቃልዎ ነው፣ አማቼ ሆኑ እያለ አጨበጨበ። ሁሉም ሳቀ። አባባም ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "አንች ልጅ፣ ምንድን ነው ያጠጣሽኝ? አምቦ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

እታለም፣ የውድነህን ጣት አይቻለሁ፣ የኃይለ ጊዮርጊስን ጢም አይቻለሁ። የአባቴን ያህል ግን ያስጠየፈኝ የለም። የሎሚው ጆግ ፊታቸው ላይ እስከ አፉ ሙሉ ቆሟል። ይኸው ውሃው፣ ይኸው የነገርሁዎ ልል አፌን ከፈትሁ። ዓይናቸው ግን እባክሽ ይላል። "ተሳስቼ ነው አባባ" አልሁ። በዚያች ቃል አለቀ። በማግሥቱ ጎንደር ሁሉ የእኔን ተንኮል ያወራ ነበር። አንቺም ዘንድ የደረሰው ይኸው ነው።

ክንዱ ሐሙስ ተፈታ። እናታችን እልል ልትል ጀምራ ድምጿ ተሰብሮ ቀረ። ከስቷል፤ እግሩ አብጧል፤ ፀጉሩን ቅማል ወርሶታል። እሷ ደጅ ላይ ስታጥበው ከሥራ ገባሁ። ሮጬ ልስመው ስል ፊቱን አዞረብኝ። የሰውዬሽ ሽታ አለብሽ፣ አትንኪኝ አለኝ። እስር ቤት ሆኖ ጠባቂዎቹ እየሳቁ ነግረውታል፤ እህትህ አባትህን አስክራ ጓዱን አገባች ብለው። ለአባባ ስለ እኔ ሲናገር እርስዎን በጾም አዋረደችዎ ይላል። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። መቁጠሪያቸውን አንከባለሉና ዝም አሉ።

ያ ዝምታ ነው የማይዋጥልኝ። ክንዱን ለማዳን ማድረጋቸውን አውቃለሁ፣ አልታወርሁም። ልጅ ወይ ልጅ ሲባሉ አንዱን መረጡ፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር እንጃ። ግን ስማቸውን በእኔ ስም ጠረጉት። እሳቸው ዛሬም በማኅበሩ የተታለሉ ጻድቅ ናቸው፣ ሰው እጃቸውን ስሞ ያጽናናቸዋል። እኔ ስደርስ ወሬ ይቆማል። ትናንት አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ያ ጥብስ የጎረሰው፣ መንገድ ላይ አግኝቶኝ በጾም ወይን ለሚያጠጣ ንስሐ አለው ብሎ መከረኝ።

እውነቱን ለምን አልናገርም ትይኝ ይሆናል። ብናገር ክንዱ ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ፤ ያንኑ ቀን በገዛ እግሩ ተመልሶ እስር ቤቱን ያንኳኳል። ውድነህም ያታለለ መስሎት መታለሉን ሲሰማ ማንን እንደሚያስከፍል አትጠይቂኝ። ስለዚህ አንቺም ለማንም አትንገሪ። ለክንዱ ከሁሉም በላይ አትንገሪው። ይጥላኝ፤ በሕይወት ሆኖ ይጥላኝ።

ሠርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው፣ እዚያው ሆቴል። የሚገርምሽ፣ ውድነህ የእኔ እጅ ከሌላው ይጥማል ብሎ የሠርጌን ስፕሪስ እኔው ራሴ እንድቀላቅል አዟል። ሙሽራ ሆኜ ባር ውስጥ በረዶ ልሰብር ነው። ሲነግረኝ ጣቱ አፉ ውስጥ ነበረ።

እንድትመጭልኝ እለምንሻለሁ። ተቆጥተሽም ቢሆን ነይ። ከሙሽራ ቤት አንድ ሰው እንኳ እውነቱን እያወቀ አጠገቤ ቢቀመጥ ይበቃኛል። አባባን ምንም አትያቸው፤ እጃቸውን ስመሽ እለፊ።

ትናንት ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ አባባ ወደ እኔ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሊናገሩ ነው ብዬ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሃ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው ሄዱ። እታለም፣ እኔን የሚያስለቅሰኝ ውድነህ አይደለም፣ የከተማው ወሬም አይደለም። ያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ እቤት ነበርን፤ እሳቸውና እኔ ብቻችንን። "ልጄ፣ ወንድምሽ እንዲተርፍ ይህን ሰው ታገቢልኛለሽ ወይ?" ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ እላቸው ነበር። ተጠይፌም፣ አልቅሼም፣ እሺ እላቸው ነበር። ያን ሁሉ ወይን መጠጣት አያስፈልጋቸውም ነበር።

እግዚአብሔር ጤናሽን አይንሳሽ፤ ባልሽን፣ ቤትሽን፣ ጎተራሽን ይባርክልሽ። ትንሿን ልጅሽንም ነገር ሲመጣባት መጀመሪያ እሷን በሚጠይቁ ሰዎች መካከል ያሳድግልሽ። በሠርጉ ዋዜማ በመጀመሪያው ማኪና ትደርሽልኛለሽ ብዬ መናኸሪያው ላይ እጠብቅሻለሁ።

ያሳደግሻት
ታናሽ እህትሽ